ከደጃፋችን የወረደው የዝናብ ውሃ የት ይደርሳል?
የመሃል አዲስ አበባ የጎርፍ ውሃ ብክለትና መከላከያው

የሰኔ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ካባራ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ቆሜ ወንዙን ቁልቁል ተመልክቻለሁ። ውሃው ቡናማና ጥቁር ተቀላቅሎበት፣ ዳር ዳሩን ነጭ አረፋ ይዞ ይወርዳል። ሃይላንድ፣ ፌስታልና የተበጠሰ ጫማ ከድንጋዩ ጋር እየተላተሙ ይሽከረከራሉ፤ ሽታው ድልድዩ ላይ ያለውን መንገደኛ አፍንጫ ያስይዛል። አጠገቤ ጃንጥላቸውን የሚያራግፉ አንድ አባት «ተመስገን፣ ከተማውን አጠበልን» አሉ። ንግግራቸው የብዙዎቻችን እምነት ነው። ጎርፍ ቆሻሻውን ወስዶ ይገላግለናል ብለን እናስባለን። ዝናቡ አስፋልቱን ማጠቡ እውነት ነው፤ የታጠበው ነገር የት እንደሚሄድና ማን ዘንድ እንደሚደርስ ግን ብዙም አይነገርም።

የጎርፍ ውሃ ከፍሳሽ በምን ይለያል?

በዚህ ጽሑፍ «የጎርፍ ውሃ» የሚባለው ዝናብ ጥሎ መሬት ሳይመጥጠው ከጣሪያ፣ ከግቢ፣ ከአስፋልትና ከአደባባይ ላይ ተንሸራቶ የሚወርደው ውሃ ነው። ቤት የሚያፈርስና መኪና የሚወስደው ድንገተኛ ጎርፍ ብቻ አይደለም፤ ተራ የከሰዓት ካፊያ ከመንገዱ ጠርዝ ይዞት የሚወርደው ቀጭን ጅረትም የጎርፍ ውሃ ነው። «ፍሳሽ» የምንለው ደግሞ ከመጸዳጃ ቤት፣ ከመታጠቢያና ከማዕድ ቤት የሚወጣው ያገለገለ ውሃ ነው።

ሁለቱ ውሃዎች የሚሄዱበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ትልቁ አለመግባባትም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ለመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተዘረጋው መስመር ባለበት አካባቢ ፍሳሹ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የመስመሩ ባለቤት የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ነው። በመንገድ ዳር የምናየው ቦይ፣ በተለምዶ ዲች የምንለው፣ እንዲሁም በብረት ፍርግርግ የተከደነው ጉድጓድ ግን የመንገዱ አካል ሲሆን የሚሠራውም በመንገዶች ባለሥልጣን ነው። የተሠራው ዝናቡን ከአስፋልት ላይ አንስቶ በአቅራቢያው ወዳለ ወንዝ ለማድረስ ነው። በመሃሉ ማጣሪያ የለውም። በፍርግርጉ በኩል የገባ ማንኛውም ነገር፣ የሲጋራ ቁራጭም ሆነ የዘይት ጠብታ፣ ሳይነካ ሳይለወጥ ወንዝ ይገባል።

በብዙ ሰው አእምሮ ግን ሁለቱም «ቱቦ» ናቸው፤ ቱቦ ደግሞ ቆሻሻ የሚወገድበት ነው። ጠዋት ጠዋት የሱቁን ደጃፍ ጠርጎ ጥራጊውን ወደ ፍርግርጉ የሚገፋ ልጅ ጥፋት እየሠራ መሆኑን አያውቅም፤ ደጁን እያጸዳ ነው የሚመስለው።

ውሃው ከፒያሳ ተነስቶ የት ይደርሳል?

አዲስ አበባ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ጣሪያ ናት ብንል ከእውነቱ አንርቅም። የእንጦጦ ራስ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ በደቡብ በኩል አቃቂ ደግሞ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ ቁልቁለት ላይ እንደ ጣሪያ አሸንዳ የሚያገለግሉት ቀጨኔ፣ ቁርጡሜ፣ ባንተይቀጡ፣ ግንፍሌና ቀበና የተባሉት ወንዞች ናቸው። ግንፍሌ ስሙን ያገኘው ከመገንፈል ይሁን አይሁን ባልምልም፣ በነሐሴ አጠገቡ የቆመ ሰው ስሙ እንደሚስማማው ይመሰክራል።

የፒያሳ፣ የአራት ኪሎ፣ የካዛንቺስና የፍልውሃ አካባቢ ጎርፍ በእነዚህ ወንዞች ተሰብስቦ ወደ ትልቁ አቃቂ ይወርዳል፤ የምዕራቡ ክፍል ውሃ ደግሞ በትንሹ አቃቂ በኩል ይሄዳል። ሁለቱም ከከተማው በስተ ደቡብ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባሉ። አባ ሳሙኤል በአገራችን ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች የአንዱ ግድብ ሲሆን፣ 6.6 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም የነበረው ይህ ጣቢያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ ነው በቅርብ ዓመታት የታደሰው። ሐይቁን ደለልና እምቦጭ ምን ያህል እንዳስቸገረው ያየ ሰው፣ ከከተማው የሚወርደው ነገር የት እንደሚጠራቀም ማስረጃ አይፈልግም።

ከአባ ሳሙኤል በኋላ ውሃው ከአዋሽ ይቀላቀላል። አዋሽ ቆቃ ግድብ ገብቶ ይወጣል፤ የአዳማ ከተማ የመጠጥ ውሃዋን የምታገኘው ከእርሱ ነው፤ የወንጂና የመተሐራ የሸንኮራ እርሻዎች በእርሱ ይጠጣሉ፤ የአፋር አርብቶ አደሮችም ለራሳቸውና ለከብቶቻቸው ይቀዱታል። ከ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ ገብቶ ያልቃል።

የባሕር ዳርቻ ከተሞች ነዋሪዎች ስለ ጎርፍ ውሃ ብክለት ሲነጋገሩ የሚያነሱት የመዋኛ ዳርቻቸውን፣ ዓሣቸውንና ኮራላቸውን ነው፤ የቱቦው መጨረሻ ባሕሩ ነውና። የእኛ ግን ባሕር አይደርስም። የአዋሽ ተፋሰስ ዝግ ነው፤ ከአዲስ አበባ የወረደ ብረት ነክ ብክለትና ፕላስቲክ ከተፋሰሱ የሚወጣበት በር የለውም። አፈር ውስጥ፣ ሐይቅ ውስጥ ወይም የሰውና የከብት አካል ውስጥ ይቀራል። ከሁሉም በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

መመለሻውም ሩቅ አይደለም። በአቃቂ ወንዞች ዳርቻ የሚለማው ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመንና ካሮት የሚጠጣው ይህንኑ ውሃ ነው፤ ገበያው ደግሞ አዲስ አበባ ነው። ከካዛንቺስ አስፋልት የታጠበው ነገር ጥቂት ወራት ቆይቶ ካዛንቺስ ማዕድ ላይ ሊቀርብ ይችላል።

ዝናብ ንጹሕ ከሆነ ውሃውን ምን ያቆሽሸዋል?

ዓይን የሚያየው ፌስታሉንና ሃይላንዱን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የእሸት በቆሎ ልጣጭና ቆረቆንዳ ይጨመርበታል፤ ልጣጩ ፍርግርጉ ላይ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ውሃውን ወደ መንገዱ ይመልሰዋል። ይህ ቆሻሻ ቱቦ ይዘጋል፣ መንገድ ያጥለቀልቃል፤ ነገር ግን በእጅ ሊለቀም የሚችል በመሆኑ ከሌላው ይሻላል።

የከፋው የማይታየው ነው። ከመኪና ሥር የተንጠባጠበ ዘይት፣ ከፍሬን ሸራ የረገፈ ብናኝ፣ ከጎማ የተላጠ ዱቄት በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ ይከማቻል፤ በውስጡ እንደ ዚንክና መዳብ ያሉ ብረቶች አሉ። ብረት እንደ ምግብ ፍርፋሪ በስብሶ አይጠፋም። ዘይቱ ውሃው ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተዘርግቶ አየር እንዳይገባ ይከለክላል፤ አየር ያጣ ውሃ ውስጥ ደግሞ ዓሣም ሆነ ውሃውን ከሚያጠሩ ጥቃቅን ሕያዋን አብዛኞቹ አይኖሩም።

ከዚያ የሰውና የእንስሳት ዓይነ ምድር ይከተላል። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ጥግ የተጣለው፣ ውሾች የሚተዉት፣ ሞልቶ ከገነፈለ የመጸዳጃ ጉድጓድ የወጣው ሁሉ ዝናብ ሲመታው ወደ ወንዝ ይገባል። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ የአንጀት ትላትልና ኮሌራ የሚተላለፉት በዚህ መንገድ ነው። አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ገብቶ ያደረሰውን ጭንቀት ብዙዎቻችን አንረሳውም።

አፈርም ብክለት ነው ሲባል የሚገረሙ አሉ። ግንባታ ቦታ ላይ ክምር ሆኖ የዋለ ገረገንቲ፣ አሸዋ ወይም የተቆፈረ አፈር አንድ ዶፍ ሲወርድበት ሸርተት ብሎ ቦይ ይገባል፤ ቱቦውን ከሥር ይሞላል፣ የቀረው ሐይቅ ውስጥ ደለል ይሆናል። ብረቱና ተሕዋስያኑም አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዙት ከዚህ ደቃቅ አፈር ጋር ተጣብቀው ነው። አፈሩን ያስቆመ ሰው ከብክለቱ ብዙውን አስቆመ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ዝናብ ለምን ይብሳል?

ምስር የምታጥብ ሴት የመጀመሪያው ውሃ ደፍርሶ እንደሚወጣ፣ ሦስተኛው ግን ጠርቶ እንደሚወርድ ታውቃለች። የከተማ መንገድም እንዲሁ ነው። ከመስከረም መጨረሻ አንስቶ የተከማቸውን አቧራ፣ ዘይትና ቆሻሻ አብዛኛውን ጠራርጎ የሚወስደው ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥለው ዝናብ ነው፤ እርሱም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ አሥርና ሃያ ደቂቃዎች። በነሐሴ አጋማሽ የሚወርደው ውሃ ብዛቱ ቢያስፈራም፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ብክለት ሲለካ ከሰኔው የመጀመሪያ ጎርፍ ያነሰ ነው። መከላከያው በየትኛው ወር ቢሠራ እንደሚጠቅም የሚወስነው ይህ ነው።

ለምን አጣርተን አንለቀውም?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው በስሌት ውስጥ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲያርፍ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ከጣለ 3,000 ሊትር፣ ማለትም አሥራ አምስት በርሜል ውሃ ወረደ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝምና 20 ሜትር የሚሰፋ አስፋልት ደግሞ በዚያው ዝናብ 600,000 ሊትር ይቀበላል፤ ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ስልሳ ጊዜ መሙላት ይችላል።

ወደ ከተማው እናስፋው። ይኸው ዝናብ በ10 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ብቻ ቢጥል 300,000 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ሲሦው እንኳ ሳይሰርግ ቢወርድ 100,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ይህ መጠን የታደሰው የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በአንድ ሙሉ ቀን እንዲያጣራ ከታቀደለት ጋር እኩል ነው። ጎርፉ ግን አንድ ቀን አይጠብቅም፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ መጥቶ ያልፋል። ከተማዋ በጠቅላላ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ናት። በዓመት ለጥቂት ወራት፣ በቀን ለአንድና ሁለት ሰዓት ብቻ ለሚመጣ እንዲህ ያለ ውሃ ሁሉንም የሚያጣራ ጣቢያ መገንባት የትም አገር ቢሆን እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የጎርፍ ውሃ ብክለት የሚከላከሉት ከቱቦው ጫፍ ላይ ሳይሆን ከምንጩ ነው።

የመጸዳጃ ቤት መስመር የጎርፍ ቱቦ ውስጥ ምን ይሠራል?

በበጋ ዝናብ ሳይኖር ከጎርፍ ቱቦ ውሃ ሲወርድ ካያችሁ፣ ያ ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቤት እየመጣ ነው። በመሃል ከተማ ያረጁ ሰፈሮች ውስጥ መጸዳጃ ቤቶች ለብዙ ቤተሰብ የጋራ ናቸው፤ ጉድጓዱ ይሞላል፤ የሚመጥጠው መኪና በጠባቡ መንገድ አይገባም፤ ቢገባም ክፍያው አለ። በአጠገብ የሚያልፈው የጎርፍ ቱቦ ግን ነጻ ነው፤ ቁልቁለቱም ይረዳል። አንዱ በሌሊት ቆፍሮ ያገናኛል፣ ጎረቤቱም ይከተላል። ይህን የሚያደርጉት ድሆች ብቻ አይደሉም፤ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንጻዎችም የሞላ ሴፕቲክ ታንካቸውን ዝናብ ጠብቀው ወደ ቦይ የሚለቁበት ጊዜ አለ። ጎርፉ ይሸፍነዋል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው።

በወንዞቻችን ላይ ከሚደርሰው በደል ሁሉ ይህን ያህል ጤናን የሚጎዳ የለም ብል ማጋነን አይሆንም። መፍትሔው ቅጣት ብቻ ሊሆን አይችልም። የፍሳሽ መስመር ሲዘረጋ ቤቶቹ በአነስተኛ ክፍያ እንዲገናኙ ማድረግ፣ መስመር ባልደረሰበት ቦታ መምጠጫ መኪና በሚገባበት ጠርዝ የጋራ ታንክ መሥራት፣ ከዚያም በበጋ ቱቦዎቹን እየተከታተሉ ውሃ የሚወርድባቸውን ወደ ላይ መከተልና ምንጫቸውን ማግኘት ያስፈልጋል። በደረቅ ወር እርጥብ የሆነ ቱቦ ራሱ ጠቋሚ ነው፤ ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም።

ብክለቱን ከምንጩ ማስቆም እንዴት ይቻላል?

ጋራዥና ላቫጆ የመጀመሪያው ቦታ ነው። የተቃጠለ ዘይት በጀሪካን ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡ ሰዎች ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ነው፤ መሬት ላይ የፈሰሰውን ደግሞ በውሃ ማጠብ ወደ ወንዝ መላክ ነው። ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ በትኖ፣ ዘይቱን አስጠጥቶ፣ ጠርጎ ማንሳት ይሻላል። ላቫጆ ውሃውን ከመልቀቁ በፊት ማረፊያ ጉድጓድ ሊኖረው ይገባል። ቡና የሚያፈላ ሰው አሠራሩን ያውቀዋል፦ ጀበናው ሲሰክን አተላው ከሥር ይቀራል፣ ቀስ ብሎ ሲቀዳ የጠራው ይወጣል። ማረፊያ ጉድጓድም ውሃውን አስክኖ ጭቃውን ከሥር ያስቀራል፤ ዘይት ተንሳፋፊ ስለሆነ መውጫው ከውሃው ገጽ ዝቅ ብሎ ከተሠራ ዘይቱ ላይ ላዩን ይቀራል። ጉድጓዱ በየጊዜው ካልተጠረገ ግን እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

በግንባታ ቦታ የአፈርና የአሸዋ ክምር ከቦይ ርቆ ይቀመጥ፣ በሸራ ይሸፈን፣ ከሥሩ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ይደርደርለት። ሲኖትራኩ ጭቃውን በጎማው ይዞ አስፋልት ላይ ከመውጣቱ በፊት መውጫው ላይ ጠጠር ይነጠፍ። ሲሚንቶ የታቦካበትን ዕቃ ያጠቡበትን ውሃ ቦይ ውስጥ መድፋት በአዲስ አበባ የተለመደ ቢሆንም፣ ሲሚንቶው ቱቦው ውስጥ ይደርቅና ከዓመት ዓመት እያጠበበው ይሄዳል።

መንገድ መጥረግ ሰዎች ከሚገምቱት በላይ ይጠቅማል። የጽዳት ሠራተኞች ንጋት ላይ በመጥረጊያ ሰብስበው የሚያነሷት እያንዳንዷ አካፋ አቧራ ወንዝ ያልገባች ደለልና ብረት ናት። አስፋልትን በቦቴ ውሃ ማጠብ ግን ለዓይን ቢያምርም ቆሻሻውን ከዝናብ በፊት ወደ ወንዝ ማድረስ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ድርሻ አጭር ነው፦ እጣቢን ወደ ጎርፍ ቦይ አለመድፋት፣ የምግብ ዘይትን በማንኛውም ቱቦ አለመልቀቅ፣ ቆሻሻን የጽዳት ማኅበራቱ ሰብሳቢዎች እስኪመጡ ከድኖ ማቆየት።

መሬቱ ውሃውን እንዲጠጣ ማድረግስ?

የወረደ ውሃ ባነሰ መጠን የታጠበ ብክለትም ያንሳል። በድሮው ግቢ ውስጥ ሣርና የጓሮ አትክልት ነበር፤ ዝናቡ እዚያው ይሰርግ ነበር። አሁን ግቢው ሁሉ በሲሚንቶ ይለሰናል። በአሸዋ ላይ የተነጠፈ ኮብልስቶን በድንጋዮቹ መካከል የተወሰነ ውሃ ያሰርጋል፤ መገጣጠሚያው በሲሚንቶ ከተሞላ ግን ከአስፋልት አይለይም። በመንገድ ዳር የሚሠሩት አረንጓዴ ቦታዎችም ጠርዛቸው ከመንገዱ ከፍ ብሎ ስለሚገነባ ውሃው አጠገባቸው አልፎ ይሄዳል። አፈራቸው ከመንገዱ ዝቅ ቢልና ጠርዙ ላይ መግቢያ ቢተውላቸው ጎርፉን ተቀብለው ጭቃውን ያስቀሩት ነበር። ጋራዥና ነዳጅ ማደያ ባለበት ቦታ ግን ውሃን ወደ መሬት ማስረግ አይመከርም፤ ከተማዋ ከአቃቂ ጉድጓዶች የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ አለና።

ሕጉና የከተማው ሥራ የት ደርሷል?

የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ ሰው እንዲያጸዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ እንዲከፍል ይደነግጋል። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ስስ ፌስታልን ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የበለጠ የጠበቀ አዋጅ ጸድቋል። ከተማ አስተዳደሩም በዚያው ዓመት የወንዞች ዳርቻ ልማትና ብክለት መከላከልን የሚመለከት ደንብ አውጥቷል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክትና በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት የመሃል ከተማውን መልክ ለውጠዋል፤ የጎርፍ መስመሮችም አብረው ታድሰዋል። ሰፊ ቱቦ መንገዱን ከመጥለቅለቅ ያድናል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ውሃውን ግን አያጠራውም፤ የተበከለውን በፍጥነት ያደርሰዋል እንጂ።

ቱቦ የሚጠረገው መቼ ነው?

ሚያዝያና ግንቦት ውስጥ፣ ከባዱ ዝናብ ከመግባቱ በፊት። ያን ጊዜ የሚወጣው ደለል በጋውን ሙሉ የተከማቸው፣ ዘይትና ብረት የተጣበቀበት ነው። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ቦይ ሲጠረግ ተመልክቻለሁ፦ ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ጭቃ በአካፋ እያወጡ ከቦዩ አፍ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆለሉት፤ እስኪጫንም እዚያው አደረ። ሌሊት ዘነበ። ጠዋት ስመለስ ክምሩ ከግማሽ በታች ሆኗል፤ ቦዩም ከሥር ሞልቷል። የወጣው ደለል በዚያኑ ቀን ተጭኖ ካልተነሳ፣ ወይም ቢያንስ ከቦዩ ማዶ በሸራ ተሸፍኖ ካላደረ፣ የጠራጊዎቹ ድካም የሚቆየው እስከሚቀጥለው ዝናብ ድረስ ነው።